የቆርቆሮው ሳጥን

ሽማግሌዎቹ የባልና ሚስቱን ንብረት አካፍለው ሲጨርሱ ላቀው ብድግ አለና፣ "የቆርቆሮ ሳጥኔንም ትውሰድ፤ ዘጠኝ ዓመት አብራኝ ኖራለች፤ አልሰስትባትም" አለ። ሽማግሌዎቹ ደግነቱን አደነቁ። እሱም እንባውን ጠረግ አድርጎ፣ "ምን ላድርግ አባቶቼ? እግዜር ማህፀኗን ዘጋው። እኔስ ዘር ሳልተካ ልሙት?" አለ።

ሚስቱ ማንጠግቦሽ ግን ባለፈው ሳምንት ከተማ ወርዳ ስትመረመር ሐኪሙ የነገራትን በሆዷ ይዛለች።

"እግዜርን እዚህ ምን አመጣው?" ነበር ያላት። "ከባልሽ ሌላ ወንድ የማታውቂ ከሆነ፣ ከእሱ የአባላዘር በሽታ ተጋብቶብሽ ኖሯል። ሳይታከም ቆይቶ የማህፀንሽን ቱቦ ዘጋው። ያኔ ሁለታችሁም የአንድ ሳምንት ክኒን ብትውጡ ኖሮ እዚህ ባልተደረሰ።"

ይህን ሽማግሌ ፊት ብታወጣው ላቀው በአገር ይዋረዳል። "እሱስ ቢሆን በምን ያውቃል? ምስኪን!" ብላ ነገሩን ዋጥ አደረገችው። እሱ ከሚዋረድ እሷ መካን ብትባል ይሻላል አለች።

እናቷ ቤት እንደደረሰች ሳጥኑን ልታጸዳ ከታች የተነጠፈውን የወየበ ጋዜጣ አነሳች። ከሥሩ አንዲት የመድኃኒት ፖስታ ተጣብቃለች። ከክኒኖቹ አንድም አልጎደለም። የተጻፈባት ቀን የተጋቡበት ዓመት ነው። ከቀኑ በታች ነርሷ በቀይ እስክሪብቶ፣ "ለባለቤትዎ ለወ/ሮ ማንጠግቦሽ፤ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ጀምሩ" ብላለች።