የአየር ጠባይ የሚያውቁ ንቦች

ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ እንደዳመነ ነው፤ ቀዝቃዛ ነፋስ የኑጉን ማሳ ያወዛውዘዋል። እንዲያም ሆኖ የአትጠገብ ንቦች ቢጫው አበባ ላይ ይርመሰመሳሉ። ንብ አርቢው ጎረቤቷ አጥሩን ተደግፎ እያያቸው ከንፈሩን አጣመመ። ድሮስ ሴት ባሰቀለችው ቀፎ ምን ዓይነት ንብ ሊገባ ኖሯል?

«ስግብግብ ሁላ!» አለ፣ አትጠገብ እንድትሰማው ጮክ ብሎ። «በዚህ ብርድ ክንፋቸው ደርቆ እዚያው ማሳው ላይ ይቀራሉ። የእኔዎቹን ተመልከቺ፣ አንዲት እንኳ ብቅ አላለችም። ከአባቴ የወረስኩት ዘር ነው፤ የአየሩን ጠባይ ያውቃል።»

«ጋሼ፣ ማክሰኞ ዕለት እኮ ደጅዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ አንድ ነገር ልነግርዎ...»

«ስለ ንብ ካንቺ ልማር? ያን ቀንም ሂጂ ብዬሻለሁ፤ ዛሬም ሂጂልኝ!»



እኩለ ቀን ላይ ደመናው ተገፈፈ፤ ነፋሱም ጋብ አለ። ማሳው በፀሐይ ቦግ አለ።

«በይ፣ አሁን ንብ ማለት ምን እንደሆነ ታያለሽ» አለና እየተጀነነ ወደ ቀፎው ሄደ። ቆሞ ጠበቀ። አንዲትም አልወጣችም። በጣቱ አንኳኳ፤ ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠ። በመጨረሻ መክደኛውን ሲያነሳው አንድ እንሽላሊት ከውስጥ ተስፈንጥሮ ወጣ። ሌላ ምንም አልነበረም።

«ማክሰኞ ዕለት ከነአውራቸው ነቅለው መጥተው አዲሱ ቀፎዬ ገቡ» አለች አትጠገብ ከአጥሩ ማዶ። «እሱን ልነግርዎ ነበር የመጣሁት። ክንፋቸው ግን ደህና ነው።»