የሩሃማ ቮልስ

ደጉ በሚስቱ በሩሃማ መቅናት የጀመረው በአንድ ካርቶን ምክንያት ነው።

ካርቶኑን ከዱባይ ያመጣችላት የአክስቷ ልጅ ማሂ ናት። ውስጡ ተገጣጥሞ የሚሠራ የአሮጌ ቮልስ ሞዴል ነበር፤ ሲያልቅ ክንድ የሚያህል። መሪው፣ ጎማው፣ ወንበሩ፣ ሁሉም ቁጥር ተሰጥቶት በየላስቲኩ ታሽጓል። ደጉ የልጅ መጫወቻ መስሎት ሳቀ።

ሩሃማ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ ትሠራለች። እጇ ለጥቃቅን ነገር የተፈጠረ ነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ የምግብ ጠረጴዛውን ያዘችና የቮልሱን ክፍሎች በጥፍር መቁረጫ እየቆረጠች፣ በሞረድ እያለሰለሰች፣ በወረንጦ እያነሳች ማጣበቅ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት እራታቸውን የሚበሉት ሳህኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው።

እሱስ ይሁን። ደጉን የከነከነው ሌላ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ቮልስ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ ነው። የሩሃማ ግን ሰማያዊ ሆነ፤ ያውም ፀሐይ የበላው ሰማያዊ። ቀብታ ስታበቃ በብርጭቆ ወረቀት ፋቀችው። በሩ ሥር በሸክላ ዱቄት ዝገት ሠራችለት። የኋላ መከላከያውን ሰብራ በቀጭን ሽቦ አሰረችው። ሰው አዲስ ነገር ይሠራል፤ እሷ አዲሱን ታስረጃለች።

«ምነው አበላሸሽው?» አላት።

«እንዲህ ነበራ።»

«በሩ ሥር መዛጉስ ልክ ነው፤ ቮልስ ሁሉ እዚያ ጋ ነው የሚዝገው። ግን ምኑ ነው እንዲህ የነበረው?»

ብሩሿን አንስታ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ነበራ» ያለችው ግን ጆሮው ውስጥ ቀረ። የሆነ ሰው መኪና ነው ማለት ነው። የሆነ ወንድ፣ ሩሃማን ጎኑ አስቀምጦ የዞረ።

ወንዱን ለማግኘት ሩቅ አልሄደም። ረሻድ ይባላል፤ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር የተጨረማመተ መኪና የሚያቃና፣ ረጋ ያለ፣ መልከ መልካም ሰው። ሩሃማ ስልኩ ሲመጣ ወደ በረንዳ ትወጣለች። አንድ ቀን ደጉ መጋረጃው ጀርባ ቆሞ ሰማት።

«እስቲ ደህና አድርገህ አስታውስ ረሻድ፤ እኔና አንተ ካላስታወስነው ማን ያስታውሰዋል?»

ከተጋቡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው። እሷን ካጣ ምን ይቀረዋል? ቤቱም፣ ሥራውም፣ ሳቁም ከእሷ ጋር የመጣ ነው። የሚመካው በአንድ ነገር ብቻ ነበር። አስፋልት ሲሻገሩ እጁን እስኪያመው ድረስ ጭምቅ አድርጋ ትይዘዋለች። እንዲህ አድርጎ የሚይዝ ካልወደደ አይደለም ይል ነበር። አሁን እሱንም መጠራጠር ጀመረ።

ቅዳሜ ቮልሱን በፎጣ ጠቅልላ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ ስትወጣ ተከተላት። ጠመንጃ ያዥ ስትደርስ ረሻድ ተቀበላት። ሁለቱ ከጋራዥ ጋራዥ እየዞሩ መኪናዋን ለሽማግሌ መካኒኮች ያሳያሉ፤ ሽማግሌዎቹ ያዩና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻ ሩሃማ አንድ ግንብ ተደግፋ አለቀሰች። ረሻድ ትከሻዋን ያዛት።

ደጉ ቤቱ እንዴት እንደተመለሰ አያውቅም።

በማግስቱ እሷ ቤተክርስቲያን ስትሄድ ቤቱን በረበረው። ደብዳቤ ወይም ፎቶግራፍ ይሆናል የሚፈልገው። ሻንጣ፣ መሳቢያ፣ ፍራሽ ሥር፤ ምንም የለም። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የአባቷ ፎቶ ጀርባ ብቻ አንድ የተጠቀለለ ወረቀት አገኘ። ሲዳብሰው ጠጠር ነገር አለው። ከልደታ ማርያም ያመጣችው እምነት ነው ብሎ፣ ሳይከፍተው ተሳልሞ መለሰው። አባቷ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ደጉ አያውቃቸውም። በምን እንደሞቱ አንዴ ጠይቋት «ድንገት ነው» ብላ ዘጋችው። እሱም ልብ ድካም ይሆናል ብሎ አለፈው።

ከሰዓት በኋላ ከሱቅ ሲመለስ ረሻድ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። በደጉ ወንበር ላይ። ሁለቱም ቮልሷ ላይ አጎንብሰዋል። ሁሉ ነገሯ አልቋል፤ የግራ የፊት መብራቷ ቦታ ብቻ ባዶ ነው።

«እሱን እኔም አላውቀውም፤ ያየሁት ከኋላ ነው» አለ ረሻድ።

ደጉ ደስ አለው። ለካ ይህ ሰው የማያውቀው ነገርም አለ። ወንበር ስቦ መሃላቸው ገባ።

«ቢጫ አድርጊው» አላት።

«ለምን ቢጫ?»

«የኔ ቢጫ ነበራ። እኔም እኮ በወንደላጤነቴ ቮልስ ነበረኝ፤ ልክ እንዲህ ሰማያዊ። የግራው መብራት ተሰብሮ መለዋወጫ ሲጠፋ ከአሮጌ ፔጆ ላይ ቢጫ አስገጠምኩበት። አዲስ አበባን ብትዞሪ እንደዚያ ያለ ቮልስ አታገኚም ነበር።»

ሩሃማ ብሩሹን አስቀመጠች። ዓይኗን ከእሱ ላይ አልነቀለችም። ስንት ወር ሆነው እንዲህ ካየችው! ረሻድን ጭራሽ ረስታዋለች። ደጉ ሞቅ አለው።

«አሁን የት አለ?» አለችው።

«ሸጥኩት። ሰባት ዓመት ይሆነዋል፤ ሰኔ ነው። ከማታ ሥራ ወጥቼ ሊነጋጋ ሲል እዚሁ ልደታ ማርያም ጋ ውሻ ገጨሁና መብራቱ እንክትክት አለ። ከዚያ በኋላ አስጠላኝ። በሳምንቱ ለክፍለ ሀገር ሰው ሰጠሁት።»

«ወርደህ አላየህም?» አለው ረሻድ።

«በዚያ ዝናብ?» ብሎ ሳቀ ደጉ።

ሩሃማ ተነሳች። የአባቷን ፎቶ ከግድግዳው አወረደች፤ ከጀርባው ወረቀቱን አውጥታ ቮልሷ አጠገብ ዘረጋችው።

ስባሪ መስታወት ነው፤ ቢጫ።