ሦስተኛዋ ስለት

«ይቺ ሦስተኛዋ ስለት ባትኖር እኮ እንከን አይወጣለትም ነበር» አለ ዴልበርት፣ በኬንታኪው የቅዳሜ ገበያ ጠረጴዛው ላይ ከደረደራቸው ባለ ሦስት ስለት ሰንጢዎች አንዱን እየወለወለ። «ጫፏ ድቡልቡል፤ ኮርማ ለማኮላሸት ካልሆነ ለምን ትሆናለች? ኦፓልዬ፣ ሳሎንሽ ውስጥ ኮርማ አለሽ እንዴ?» ጠረጴዛውን የከበቡት ሰንጢ ሰብሳቢዎች አውካኩ። ኦፓል ከሦስቱ ስለቶች አብልጣ የምትወደው ያቺኑ ስለሆነ በተገናኙ ቁጥር ይስቁባታል።

ይሄኔ ከጎናቸው ለሽያጭ የታሰረች ጥጃ ሲባጎው አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ወደቀች፤ ምላሷን አውጥታ ትንፈራገጥ ጀመር። አንዱ ሰብሳቢ ሹል ሰንጢውን መዝዞ ሮጠ፤ ጫፉ ጉሮሮዋን ሊወጋት ሲል ግን ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። ኦፓል ከዴልበርት እጅ ሰንጢውን መነተፈችው።

«ኧረ እሱን ተይው! አንድም ቀን ቆርጦ አያውቅም!»

«እንግዲያው ዛሬ ይልመዳ!» ሦስተኛዋን ስለት ከፍታ በሲባጎውና በቆዳው መሃል ሰደደቻት። ድቡልቡሉ ጫፍ ቆዳውን ሳይጭር ሾልኮ አለፈ። አንዴ ሳብ ስታደርገው ሲባጎው ተበጠሰ፤ ጥጃዋም ብድግ ብላ አስነጠሰች።

ኦፓል ሰንጢውን መለሰችለት። ስለቷ በለሃጭና በቀይ ፀጉር ተለውሳለች። ዴልበርት መወልወያውን አነሣ፤ ስለቷን ትንሽ አያትና ጨርቁን መልሶ አስቀመጠው።

«እሱን በስንት ትሰጠኛለህ?» አለው ባለ ሹሉ ሰንጢ።

«አይሸጥም» አለና ከነፀጉሩ አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ኦፓል ወገቧን ይዛ ቆመች። «አሁን እንከኗን ንገረኝ እስቲ!»