መጤው ዕጩ

የግርማይ ልጅ ማሬ በአራት ዓመቷ ሞተች። ደብረ ታቦር ሆስፒታል የሚያደርሳት መኪና እስኪገኝ በእናቷ እቅፍ ላይ ትንፋሿ አለቀ። ከገሳይ ከተማ በላይ ባለችው ቀበሌያቸው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተቀበረች።

አርባዋ እንደወጣ ግርማይ ለክልሉ ምክር ቤት በግሉ ዕጩ ሆኖ ተመዘገበ። ለገጠሩ አምቡላንስ አስመጣለሁ አለ። ሰው ሳቀበት።

ግርማይ ከኤርትራ ከተሰደዱ ወላጆች ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ነው የተወለደው። በመተማ ገብቶ ዜግነት አገኘ፤ ወታደር ሆነ። እግሩን ቆስሎ ሲሰናበት የዚህን ቀበሌ ልጅ በለጠችን አግብቶ በዚያው ቀረ።

ተቀናቃኙ ይሻው የአገሩ ተወላጅ ነው። በገበያ ቀን ሁለቱም ሕዝብ ፊት ቆሙ።

«ይህ ሰው ካሸነፈ ባሕር ዳር ይገባል፤ ከተሸነፈ ሱዳን ይገባል» አለ ይሻው። «ለእናንተ የሚተርፋችሁ አቧራው ነው።»

«ጥይቱ መጤ ነህ ብሎ አልማረኝም» አለ ግርማይ። «አንተ ያን ጊዜ የት ነበርክ?»

ሰው አውካካ። ሽማግሌው አያ ካሳው ግን ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«አንተ ልጅ፣ ለዚህ አገር ምኑ ነህ?»

«ልጄ እዚህ ተቀብራለች፣ አያ ካሳው።»

«ልጅማ መንገደኛም ይቀብራል። አገር አባት ያረፈበት ነው። ያንተስ የት ነው?»

«ገዳሪፍ።»

«እንግዲያ!» ብለው ተቀመጡ።



«እውነትዎን ነው» አላቸው ግርማይ። «ከውድድሩ ግን አልወጣም።»

በሳምንቱ በሬውን ሸጦ መተማ ደርሶ ተመለሰ። መንደሩ ተንሾካሾከ። በለጠች ስትጠየቅ «ራሱን ጠይቁት» ከማለት በቀር አፏን አልከፈተችም።

«መሄጃውን እያመቻቸ ነው» አለ ይሻው።

የምርጫው ውጤት ተለጠፈ። ይሻው አሸነፈ። ግርማይ አነበበና እጁን ጨበጠው።

«በሚቀጥለውም አለሁ» አለው።

«ከየት ሆነህ?» አለ ይሻው፣ እየሳቀ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከመተማ የመጣ አይሱዙ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆመ። ሁለት ሰዎች በአቡጀዲ የተጠቀለለ ትንሽ ሳጥን ቀስ አድርገው አወረዱ። ግርማይ ዶማውን ይዞ ወደ ማሬ መቃብር ሄደ።

«የልጅቱን አጽም ወደ አገሩ ሊያፈልስ ነው!» ተባለ። ሰው ተጠራርቶ መጣ። አያ ካሳው እያለከለኩ ደረሱ።

«ተው! ልጅቱ የእኛም ናት!» ብለው ጮኹ። «በለጠች፣ ዝም ትይዋለሽ?»

በለጠች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆማለች። ቄስ እሸቴ መስቀላቸውን እንደያዙ ሰዉን በእጃቸው ገታ አደረጉት። ግርማይ ቀና ብሎም አላየ። መቆፈሩን ቀጠለ።

ጉድጓዱ ሲያልቅ፣ የአባቱን አጽም ከልጅ ልጃቸው ጎን አሳረፈ።