ሰም የጠጣው ቀሚስ

ልብስ ዲዛይን አብረዋት የሚማሩት ልጆች «መርፌ» ይሏታል፤ አንድም ስለ ቅጥነቷ፣ አንድም ስለ ምላሷ። ኪሮሽ ያስተማረቻት እናቷ ናት። እናቷ ሌላ ሰው እጅ ላይ የማትገኝ አንዲት አበባ ነበረቻት፤ መሃሏ ወደ ውስጥ የተጠማዘዘ፣ ቅጠሎቿ ወደ ኋላ የሚታጠፉ። ገና ሳታገባ፣ ለወራት ከቤት ሳትወጣ የከረመች ጊዜ ከራሷ ያወጣቻት ናት። መርፌ ይህችን አበባ ከእናቷና ከእሷ በቀር የሚያውቃት ያለ አይመስላትም ነበር።

አምና ተማሪዎቹ የዓመቱን ሥራቸውን ሲያሳዩ፣ አበባዋ በሌላ ሰው ቦርሳ ላይ ብቅ አለች። ባለቦርሳዋ ከኋላ የምትቀመጥ፣ «ዝምተኛዋ» የሚሏት ልጅ ናት። ተራዋ ቀድሞ ስለነበር ተጨበጨበላት። መርፌ ያችኑ አበባ የያዘ ሻርፕ ይዛ ስትቀርብ አስተማሪዋ ሁለቱን ሥራዎች ጎን ለጎን ዘርግተው፣ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ ሁለተኛ የሰው ሥራ ቀድታ እንዳትመጣ አስጠነቀቋት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ኮሪደር ላይ ዝምተኛዋን ይዛ አፋጠጠቻት። አበባዋን ከየት እንዳመጣቻት ጠየቀቻት።

«እናቴ ናት ያሳየችኝ» አለች ዝምተኛዋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ።

ልጅቷ አክስቷ ዘንድ እንዳደገች፣ እናት ተብሎ የመጣላት ሰው እንደሌለ የማያውቅ የለም። መርፌ ደሟ ፈላ። ሌብነቷ ሳያንስ ውሸቷ።

ቤት ገብታ የደረሰባትን ስትናገር እናቷ የያዘችውን ሥራ አስቀመጠች። ልጅቷ ምን እንደምትመስል ጠየቀች። ስታፋጥጫት አለቀሰች ወይ አለች። ቀጥላም፣

«ተያት፣ ልጄ» አለች። «አበባዋ ያንቺ ብቻ አይደለችም።»

መርፌ እናቷን ታውቃታለች። የተወሰደባትን የማትጠይቅ፣ ሰው ፊት ድምፅ የማታሰማ ሴት ናት። ስለዚህ በእናቷም ፈንታ ቂም ያዘች።

ዘንድሮ ምቹ ጊዜ መጣላት። ለምረቃው ትርኢት እያንዳንዱ ተማሪ አዲስ ሙከራ እንዲያቀርብ ተባለ። መርፌ አሮጌ ካናቴራ በቀጭኑ እየሸረከተች በክር ፈንታ ትሠራበት ጀመር። ዝምተኛዋ ደግሞ ክሩን በቀለጠ ሰም እየነከረች ውኃ የማይዘልቀው ኪሮሽ ልትሠራ ተነሣች። መጀመሪያ እንደ ካርቶን ደረቀባት፤ ቀጥሎ ሰሙ እየተፈረፈረ እጇ ላይ ቀረ። ዘይት ጠብ ስታደርግበት እሺ አላት። አበባ በአበባ ሠርታ ቧንቧ ሥር ፈተነቻቸው፤ ውኃው እየተንከባለለ ወረደ። የቀራት በተራ ነጭ ክር አገጣጥማ ቀሚስ ማድረግ ብቻ ነው። ሙሉውን ቀሚስ ለመድረኩ ልታቆየው፣ ያን ቀን ራሷ ለብሳው ውኃ እየወረደባት ልትሄድ አስባለች።

ልብስ ሰፊዎች ለጊዜው ብቻ የሚሰፉበት፣ ውኃ ሲነካው እንደ ጨው የሚሟሟ ክር አለ። እሱም ነጭ ነው። መርፌ ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሉ ጭር ሲል የዝምተኛዋን ክር ከማጠንጠኛው ላይ ፈታችና በምትኩ ይህን ጠመጠመችበት።

ቀሚሱ ተገጣጥሞ ያለቀ ዕለት ዝምተኛዋ የተረፋትን ሰም ይዛ ወደ መርፌ ጠረጴዛ መጣች። ሊጠቅምሽ ይችላል ብላ አስቀመጠችላትና ቆም አለች።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።»

«ከትርኢቱ በኋላ ትነግሪኛለሽ» አለቻት መርፌ፣ ፈገግ ብላ። ከአምና ወዲህ ፊቷን ስትፈታላት የመጀመሪያዋ ነበር። ዝምተኛዋ ደስታው ፊቷ ላይ እየታየ ተመለሰች።

በትርኢቱ ቀን የመርፌ እናት ራሷን እንዳመማት ተናግራ ቤት ቀረች። መርፌ አልከፋትም። ማታ ሁሉንም ቁጭ ብላ ልትተርክላት ነው፤ ያዋረደችን ልጅ ተዋረደች ልትላት ነው።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። የመርፌ ሥራ ደህና ጭብጨባ አግኝቶ አለፈ። ከዚያ ዝምተኛዋ ወጣች። ከላይ ውኃው ተለቀቀ። ጠብታው ቀሚሱ ላይ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ሲወርድ ተመልካቹ በአድናቆት አጉረመረመ። መሃል መድረክ ስትደርስ አንዲት አበባ ከትከሻዋ ላይ ወደቀች። ሌላዋ ከወገቧ። ጎንበስ ብላ ላንሣ ስትል ጀርባዋ ተከፈተ። አበቦቹ ተራ በተራ እግሯ ሥር ተከመሩ፤ እሷ በውስጥ ልብሷ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጥፋ ውኃው ሥር ቀረች። አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ወንበር ከወንበር ተዳረሰ። ስልኮች ከፍ ከፍ አሉ። ውኃውን የሚዘጋው ሰው ጠፋ።

መርፌ ከመጋረጃው ጀርባ ዓይኗን ሳታርገበግብ ታያለች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት ሴት ተነሣች። የሰው ጉልበት እየገፋች፣ እየተደናቀፈች መጥታ መድረኩ ላይ ወጣች። ካፖርቷን አውልቃ ልጅቷን ሸፈነችና ውኃው ሥር እቅፍ አደረገቻት።

«አይዞሽ፣ ልጄ» አለች፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ። «እናትሽ አለሁልሽ።»

ውኃውን ከዓይኗ ላይ ጠርጋ ቀና ስትል፣ መርፌ የገዛ እናቷን አየች።