የዘጠኝ ሰዓቱ መንቀጥቀጥ

በዚያች የአይስላንድ መንደር የመሬት መንቀጥቀጥ እንደ ሐኪም ቤት በቀጠሮ ነው። የእንፋሎት ኃይል ማመንጫው የተጠቀመበትን ውሃ በፓምፕ ወደ መሬት ሲመልስ አለቱ ትንሽ ይርዳል፤ ስለዚህ ለነዋሪው አስቀድሞ ይነገረዋል። ማክሰኞ መልእክት መጣ፦ «ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ፓምፑን እናስነሳለን። መጠነኛ መንቀጥቀጥ ይኖራል፤ አደጋ የለውም።»

«አደጋ የለውም ይላሉ ደግሞ! ትንሽ አያፍሩም?» አለች ስቴይንቮር።

ባሏ ቶርላኩር ወገቡ ከተሰበረ ወዲህ የአልጋ ቁራኛ ነው። ቤቱን በገዛ እጁ ነው የሠራው። ከዚህ የምወጣው በሬሳ ሣጥን ነው እያለ ስንት ጊዜ ምሏል።

«መሐንዲሱ እኮ ከባድ መኪና ሲያልፍ ከሚሰማው አይበልጥም ብሏል» አላት።

«ማን? ኦርቫር? ንፍጡን እየጠረግኩ ያሳደግኩት የጎረቤት ልጅ ስለ አለት ሊያስተምረኝ? ስማ፣ ሐሙስ ይህ ቤት ይነቃነቅና፣ በዚያው ቀን ሬይክያቪክ ሴት ልጃችን ጋ ነው የምወስድህ። ጣራ ሲጫንህ ቆሜ አላይም!»

ቶርላኩር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሐሙስ ስቴይንቮር የብስክሌት ቆቧን አጥልቃ መስታወቱን ከግድግዳ አወረደች። ዘጠኝ ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው የዕቃ መደርደሪያውን በሁለት እጇ ጥርቅም አድርጋ ያዘችው።

ስኒዎቹ መንቀጫቀጭ ጀመሩ።

«መጣ! ያዝ አልጋውን!»

አጥብቃ በያዘችው ቁጥር ባሰበት። አንድ ሳህን ወድቆ እንክትክት አለ።

ወዲያው ጎረቤቷ ቤርጉር ደወለ። «ተሰማሽ አይደል? ጠረጴዛ ሥር ተደብቄ፣ ራሱ ጠረጴዛው አናቴን ብሎኛል! ጎረቤቱን ሁሉ አስፈርሜ ማመንጫውን ባላዘጋ!»

«እኔን አስቀድመህ ጻፍ!»

ከዚያ ልጇ ጋ ደውላ መኪና ይዘሽ ነዪ አለቻት።

«እኔ ምንም አልተሰማኝም» አለ ቶርላኩር።

«አንተ ከዚህ ቤት ላለመውጣት የማትለው የለም!»

የባሏን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ትጠቀጥቅ ጀመር። ሽማግሌው ድምፅ ሳያሰማ አለቀሰ፤ እሷ ግን መጠቅጠቋን አላቆመችም።

በሩ ተንኳኳ። ኦርቫር ነው፤ ሮጦ መጥቶ ያለከልካል።

«ስቴይንቮር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ጥፋቱ የኛ ነው።»

«አመንክ! ይኸውልህ ሳህኔ! ይኸውልህ ባሌ፣ ከገዛ ቤቱ ሲሰደድ!»

ኦርቫር ስብርባሪውን አየ፤ ሻንጣውን አየ፤ ግራ ገባው።

«ኧረ ቀደም ብለን ልንነግራችሁ ይገባ ነበር ማለቴ ነው፤ ፓምፑ ከጠዋት ጀምሮ እንቢ ብሎናል፣ የዛሬው መንቀጥቀጥ ለሰኞ ተላልፏል።»