ከሕንፃው ጀርባ

«ኃይሉ አሁን የት ነው ያቆመው?» ትለኛለች አገሬ፣ የመኪናዬን በር ከፍታ አጠገቤ እየተቀመጠች።

ሰላም እንኳ አላለችኝም። ከፈረንሳይ ወደ ዳላስ መመለሴን አታውቅም። በንጋት ቤቷ በር ላይ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ስታገኘኝ መጀመሪያ አፏ ላይ የመጣው ወንድሟ ነው። የሥራ መታወቂያዋ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ወደ ኤርፖርት ልትሄድ ነው።

«ቆይ እንጂ፣ መጀመሪያ እንሳሳም» እላታለሁ።

ጉንጬን እያገላበጠች ትስመኛለች። ከዚያ ገፋ አድርጋ ታየኛለች። «መቼ ገባህ፣ ያብስራ? ደግሞስ በር አታንኳኳም? ከኃይሉ ጋር ውለህ አንተም መኪና ውስጥ ማደር ለመደብህ?»

«እንዳልቀሰቅስሽ ብዬ ነው።»

«አሁንማ ጨዋ ሆነሃል!»

ኃይሉ ከሞተ ሳምንቱ ነው። የሚያድርበት ቫን ውስጥ የጋዝ ማሞቂያውን እንዳበራ ተኝቶ፣ በዚያው ቀረ። ከዳላስ አብረን ነበር ለትምህርት የሄድነው። እሱ ትምህርቱን ጥሎ በየገበያው ቀበቶ መሸጥ ጀመረ፤ እኔ ጨረስኩ። አስከሬኑን አይቼ «አዎ፣ እሱ ነው» ያልኩትም እኔ ነኝ።

እዚህ ያለ አበሻ ሁሉ ሰምቷል። ያልሰማችው እሷ ብቻ ናት። የአበሻው ሽማግሌ ጋሽ ይገዙ ትናንት ጠርተው አስጠንቅቀውኛል። «እኛ ከሜስኪት ከተማ ተሰብስበን እስክንመጣ ጠብቃት። ለሥራ ከወጣች ኤርፖርት ውስጥ አንዱ ነፍስ ይማር ብሎ ይገድላታል። ብቻህን ግን እንዳትነግራት፣ ሰው ይሙላ። መኪናህን ከሕንፃው ጀርባ ፓርክ አድርግ። ለጓደኛዋ ለህይወት የአባቷን መርዶ ስንነግር መኪኖቹን መብራት አስጠፍታ ከጀርባ ያስደረደረችን እሷው ራሷ ናት፤ አንድ ነገር ካየች ይገባታል።»

እኔ በተማርኩበት አገር እንዲህ ያለውን ነገር በስልክ ይነግሩሃል። ያ ጭካኔ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ከሕንፃው ጀርባ ብቻዬን ስቀመጥ ደግሞ ሌባ የሆንኩ መሰለኝ። አላስችል አለኝና ዞሬ መጥቼ በሯ ፊት ለፊት አቆምኩ።

«አልመለስክልኝም እኮ» ትላለች። «ሳምንት ሙሉ ድምፁ የለም። ቻርጀሩን ጥሎ ነው አይደል?»

«ስልኩ… አዎ። ስልኩ አይሠራም።»

«አውቄዋለሁ!» ጭኔን በጥፊ ትለኛለች። «ይኸ ዝርክርክ! ሶ፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው። እዚያ ቀትር አልፏል፣ ገበያው አሁን እየተበተነ ነው። ዓርብ ማታ አደባባዩን ለገበያው ስለሚያጸዱት ማንንም አያሳድሩም፣ ሶ ድልድዩ ሥር ነው የሚያድረው። ቅዳሜ ግን ቀበቶዎቹን ይጭንና ወንዙ ዳር ይወርዳል፣ ዛፎቹ ጋ፣ የቧንቧ ውሃ በነፃ ያለበት። ተሳሳትኩ?»

አልተሳሳተችም። ያቺን ትንሽ ከተማ በዓይኗ አይታት አታውቅም። የት እንዳቆመ ሳትሰማ እንቅልፍ አይወስዳትምና ኃይሉ በየምሽቱ ይጽፍላት ነበር፤ ከተማዋን የምታውቃት በመኪና ማቆሚያዎቿ ነው። የሞተው ወንዙ ዳር ነው፣ ዛፎቹ ጋ።

«አልተሳሳትሽም።»

«ኦኬ፣ በቃ ልሂድ፣ ረፍዶብኛል። ማታ ና። የላከልኝን ይዘህ ና ደግሞ፣ ባዶ እጅህን በሬን እንዳትረግጥ።»

እጇ የበሩን እጀታ ይይዛል። ሌላኛውን ክንዷን እይዛለሁ።

«ትንሽ ቆዪ።»

«ምነው?»

«ትንሽ ብቻ። ናፍቀሽኛል።»

«አለቃዬ ናፍቆት አያውቅም፣ ወንድሜ። አንተ ሄደህ የመግቢያ ሰዓቴን ፓንች ኢን ታደርግልኛለህ?» ትስቃለች። አሳሳቋ የሱ ነው፤ መጀመሪያ ትከሻዋ ነው የሚስቀው።

መንገዱን አያለሁ፤ ማንም የለም። አሁን ልንገራት። አሁን፣ ሳትሄድ።

«አገሬ፣ ኃይሉ…»

«ኃይሉ ምን?»

ቅንድቧ ተነስቷል፣ ለሳቅ ተዘጋጅታለች።

«ስላንቺ ሳያወራ አይውልም።»

ፊቷ ይፈካል። እጀታውን ትለቀዋለች። «እንደዚህ ነው እንዴ? እንግዲያው አሁኑኑ ነው የምሰድበው!» ስልኳን ታወጣለች፤ የምትጽፈውን ጮክ ብላ እያነበበች በሁለት አውራ ጣቶቿ ፊደሎቹን ትጫናለች። «ያብስራ… እኔ ጋ… ነው። ለምን… አልነገርከኝም… አንተ ደደብ? የት… ነው… ያቆምከው?»

ትልከዋለች። «ቻርጀር ሲያገኝ ያየዋል።»

አንድ ሚኒቫን ወደ ግቢው ይገባል። ገና በደንብ አልነጋም፣ መብራቱ ግን ጠፍቷል። ባዶ ቦታ እያለ አይቆምም፤ አጠገባችን አልፎ ሕንፃውን ይዞራል። ሌላ ይከተለዋል። ከዚያ ሌላ፣ የጎማው ድምፅ ብቻ እየተሰማ። መጨረሻ ላይ የጋሽ ይገዙ ታክሲ ያልፋል፤ እሳቸው ወደኛ አያዩም።

አገሬ ቀና ብላ በዓይኗ ትሸኛቸዋለች። ከሕንፃው ጀርባ በሮች ይዘጋሉ፣ አንድ በአንድ፣ በቀስታ።

«ያብስራ» ትላለች።

ትከሻዋ ላይ እጄን አደርጋለሁ፤ አትዞርም። ስልኩን በሁለት እጆቿ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ስክሪኑ ሲጨልም በአውራ ጣቷ ነካ ታደርገውና ይበራል። መልሶ ይጨልማል። ታበራዋለች።